በሁለት ኳስ መካከል የቆመ አጥር

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን የሚከለክለው ሁለቱን ዛፍ ባንድ ጊዜ መውጣትን ነው እንጂ ካንዱ ወርዶ ሌላውን መውጣትን አይደለም። ዛሬ ልንከራከርለት የተነሣነው ሰው እንዲሁ ካንዱ ወርዶ ወደ ሌላው የሚሄደው የአየርላንድ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ይኸውም የእግር ኳስ ውድድር ሲዘጋ በዕረፍቱ ወራት ጌሊክ የተባለውን ያገሩን ኳስ የሚጫወተው ነው። ጉዳዩ የሩቅ አገር ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ ወንድም ወይም የምትገለብጥ እኅት ብትኖር ጥቂት ይታገሡን፤ ማኅበር ያለውን ሰው ሁሉ የሚነካ ነገር አለበትና።

በቅድሚያ ጨዋታውን ላላዩት እንግለጽ። የጌሊክ ኳስ በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፍበታል። ኳሱ ድቡልቡል ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ በእግር ይመታል፣ በጡጫ ለጓደኛ ይተላለፋል። ይሁንና ተጫዋቹ ኳሱን ይዞ ከ4 እርምጃ በላይ መሄድ አይችልም፤ ወይ መሬት ላይ ማንጠር ወይ በእግሩ ጫፍ መትቶ ወደ እጁ መመለስ አለበት። ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ የገባ ኳስ 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) ከሩቅ ተመትቶ በላይ ላለፈው 2 ነጥብ ይሰጣል። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም፤ የደብሊኑ ሜዳ ክሮክ ፓርክ ግን ከ82,000 በላይ ተመልካች ይይዛል።

ይህን ጨዋታ የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክ ማኅበር በ1884 በተርለስ ከተማ ሲቋቋም አየርላንድ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ኅዳር 21 ቀን 1920 የእንግሊዝ መንግሥት ኃይሎች በክሮክ ፓርክ ጨዋታ ላይ ተኩስ ከፍተው 14 ሰዎች ሞተዋል፤ ካሟቾቹ አንዱ በሜዳው ላይ የነበረው ተጫዋች ማይክል ሆጋን ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ደም ያየ ማኅበር የገዢውን ጨዋታ በክፉ ዓይን ቢመለከት ማን ይፈርድበታል? እኛም አንፈርድበትም።

የምንፈርደው በሕጉ ላይ ነው። እስከ 1971 ድረስ ማኅበሩ እግር ኳስ፣ ራግቢ፣ ሆኪና ክሪኬት የተጫወተውን ብቻ ሳይሆን ቆሞ የተመለከተውን አባል ጭምር ያባርር ነበር። ሜዳ ለሜዳ እየዞሩ አባሎችን የሚሰልሉ ኮሚቴዎችም ነበሩት። በ1938 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ አየርላንድና ፖላንድ ያደረጉትን የእግር ኳስ ግጥሚያ ስለ ተመለከቱ ብቻ ከማኅበሩ የበላይ ጠባቂነት ተሰረዙ። ለመሆኑ ሃይድ ማን ነበሩ? ዕድሜያቸውን የአየርላንድን ቋንቋ ከሞት ለማዳን ያዋሉ ሰው ነበሩ። የአገር ፍቅርን በኳስ ቅርጽ የለካ ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው ከደጅ አስወጣ።

ተጫዋቾቹንማ ተዉአቸው። ኮን ማርቲን በ1941 ከደብሊን ቡድን ጋር የሌንስተርን የጌሊክ ሻምፒዮና ካሸነፈ በኋላ፣ እግር ኳስም እንደሚጫወት ስለ ታወቀ ተባረረ፤ ሜዳሊያውም ተያዘበት። ያንኑ ሜዳሊያ የተቀበለው ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሕጉ ሲሻር ነው። በመካከሉ ይህ «ከሐዲ» በ1949 አየርላንድ እንግሊዝን በገዛ አገሯ 2 ለ 0 ስታሸንፍ የመጀመሪያውን ጎል በሪጎሬ አግብቷል። ሌሎቹም በሐሰት ስም ይጫወቱ ነበር። እንግዲህ ሕጉ እግር ኳስን ከአየርላንድ አላጠፋም፤ ያተረፈው ነገር ቢኖር ሰው ስሙን እንዲደብቅ ማስተማሩ ነው።

አጥሩ በላላበት ቦታ ግን ሁለቱም ጨዋታዎች ተጠቅመዋል። ለሰሜን አየርላንድ 119 ጊዜ የተሰለፈው በረኛ ፓት ጄኒንግስ ኳስን ከአየር ላይ መቅለብ ያስተማረው በልጅነቱ የተጫወተው የጌሊክ ኳስ መሆኑን ራሱ መስክሯል። ኬቪን ሞራን በ1976ና በ1977 ከደብሊን ጋር የጌሊክን ታላቅ ዋንጫ ወሰደ፤ በ1978 ማንችስተር ዩናይትድ ካስፈረመው በኋላም ተመልሶ የዚያኑ ዓመት ፍጻሜ ለደብሊን ተጫውቷል። ኒቭ ፋሂ በ2004 ከጎልዌይ ሴቶች ጋር የጌሊክ ሻምፒዮን ሆና፣ በኋላ ለአየርላንድ ሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ለመሰለፍ በቅታለች።

«ሰውነት ብረት አይደለም፤ ዕረፍት ያሻዋል» የሚለን አለ። እውነት ነው። ደመወዝ የሚከፍል ክለብም ተጫዋቹ በሌላ ሜዳ እግሩን እንዳይሰብር ቢጠነቀቅ መብቱ ነው፤ ውል ውል ነውና። ነገር ግን ከተጫዋቹ የሚበዛው ደመወዝም ውልም የሌለው የሠፈር ልጅ ነው። እሱን ዕረፈው የሚለው ድካሙ ነው ወይስ የኮሚቴው ቅናት?

ዛሬ ሕጉ የለም፤ አጥሩ ግን በሌላ መልክ ቆሟል። ቀድሞ የእግር ኳስ ውድድር በክረምቱ፣ የጌሊክ ሻምፒዮና በበጋው ስለ ነበረ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈት ነበር። ከ2003 ወዲህ የአየርላንድ ሊግ በበጋው ወራት ይካሄዳል። የጌሊክ ውድድርም ከ2022 ወዲህ የአውራጃዎቹን ፍጻሜ በሐምሌ ያደርጋል። ስለዚህ የሊጉ ተጫዋች የዕረፍት በጋ ጠፋበት፤ ቀድሞ ሰላይ የከለከለውን ዛሬ የቀን መቁጠሪያ ይከለክለዋል።

እኛ የምንለው ግልጽ ነው። ሁለቱ ማኅበሮች ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ወራቱን ይከፋፈሉ። ይልቁንም ለተማሪው ይታሰብለት፤ የአየርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1911 ጀምሮ በጌሊክ ለሲገርሰን ዋንጫ፣ ከ1914 ጀምሮም በእግር ኳስ ለኮሊንግዉድ ዋንጫ ይወዳደራሉ። ሁለቱንም የሚችል ወጣት አንዱን ምረጥ ተብሎ መገደድ የለበትም።

ይህ አይቻልም የሚል ቢኖር የ2018ን ያስታውስ። የኮርኩ ተወላጅ እግር ኳስ ተጫዋች ሊያም ሚለር በካንሰር ሲሞት፣ ለመታሰቢያው የሚደረገውን ግጥሚያ በኮርክ በሚገኘው የጌሊክ ሜዳ እናድርግ ተብሎ ተጠየቀ። ማኅበሩ በመጀመሪያ ደንቡ አይፈቅድም አለ፤ የሕዝቡን ድምፅ ሲሰማ ግን ፈቀደ። ግጥሚያው ተደረገ፤ ጌሊክም አልሞተም። ማኅበር የሚጠፋው በሩ ስለ ተከፈተ ሳይሆን ልጆቹ ወደ ውስጥ መግባት ሲሰለቻቸው ነው። ይህን የአየርላንድ ማኅበር ለመማር 87 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ማኅበር ያለን ሁሉ ባጭር ጊዜ ብንማረው ይሻላል።