ሲያጌጡ እንዳይመላለጡ፤ ስለ ሰው ሠራሽ ጥፍር

ይህ ጽሑፍ ዘወትር ስለ ውሃ ማፍላት፣ ስለ መጸዳጃ ጕድጓድና ስለ ወባ ትንኝ ሲናገር ቈይቶ በዚህ ወር ስለ ሴቶች ጥፍር ጌጥ መናገሩ አንዳንዱን አንባቢ ፈገግ ያሰኘው ይሆናል። ፈገግታው አይከፋም። ነገር ግን በአገራችን እጅ ማንኪያም ሹካም ከመሆኑ በላይ፣ ወዳጅ ወዳጁን የሚያጐርሰው በእጁ ስለሆነ የጥፍር ጉዳይ የባለ ጥፍሯ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ አልፎ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት በሚገኙ የሴቶች ጠጕር ቤቶች የፕላስቲክ ጥፍር ይለጠፋል። የሠርግ ወር ሲደርስም ከአሊዩ አምባ ወጥተው ወይም ወርደው የሚያሠሩ እኅቶች አሉ። ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሐሳብ ይሰማል። አንዱ የባዕድ ጌጥ ነውና ይከልከል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የጤና ሹም በሴት ጌጥ ምን አገባው የሚል ነው። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ባዕድ ነው የሚሉት ወገኖች፣ አሊዩ አምባ ከባሕር ማዶ የመጣ ጌጥ ያላየችበት ዘመን የትኛው እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን ምድር የሚያቋርጠው የነጋዴ ቅፍለት ከአንኮበር ግርጌ የሚያራግፈው በዚችው ከተማ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስም ስለዚህች ከተማ ጽፏል። ጨርቁም ዶቃውም በዚሁ መንገድ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ጥፍርን ማስጌጥም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። የአርጎባ እኅቶቻችን ሂና ሲቀቡ፣ ደገኞቹም እንሶስላ ሲሞቁ ኖረዋል። ሂናና እንሶስላ ጥፍሩን አቅልመው ከጥፍሩ ጋር አብረው ያድጋሉ፤ ሲያድጉም ተቈርጠው ይወድቃሉ፤ መፋቅም መገጣጠሚያም የለባቸውም። (ዛሬ ጥቍር ሂና እየተባለ የሚሸጠው፣ የጠጕር ቀለም የተቀላቀለበት ነገር ግን ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያሳብጥ ስለሆነ ከእውነተኛው ሂና ጋር አይቈጠርም።)

የጤና ሹም ምን አገባው ለሚሉት ደግሞ፣ ነገሩ ራሱ ከሐኪም እጅ የወጣ መሆኑን ላስታውሳቸው። ብዙ ጊዜ እንደሚተረከው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 በአሜሪካ ፍሬድ ስላክ የተባለ የጥርስ ሐኪም የተሰበረ ጥፍሩን ለጥርስ ሥራ በሚያገለግለው አክሪሊክ ጠገነ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ንግድ ሆነ።

የጥፍር ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። የሚለጠፈው የፕላስቲክ ጫፍ ከተፈጥሮው ጥፍር እኩሌታ ማለፍ የለበትም፤ በደንብ ሲለጠፍም ከበስተኋላው ያለው ስስ ከንፈር ከጥፍሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ እንደ እርከን ያለ ከፍታ ይቀራል። የባለሙያዋ እጅ የሚፈተነው ይህን እርከን በማጥፋት ነው። እርከኑ የሚጠፋበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው ፕላስቲኩን ማሳሳት፣ ሁለተኛው ጥፍሩን መፋቅ። ሥራው ባለቀበት ቀን ሁለቱም ለዓይን አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታየው ጌጡ ሲወልቅ ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ጌጥ ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ከፕላስቲኩ ሳይሆን ከዚህች ጠባብ መስመር ላይ ከሚደረግ ጥድፊያ ነው።

ትክክለኛው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሞረዱ ለስላሳ፣ ቍጥሩም 180 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ሞረዱ ሸካራ ነውና። ሞረዱ በፕላስቲኩ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቶ ሳይጫን በቀስታ ይመላለሳል እንጂ ጠርዙ ወደ ተፈጥሮው ጥፍር አይዘነብልም። ብናኙ እየተጠረገ መስመሩ በየጊዜው ይታያል፤ መስመሩ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ሞረዱ ይቀመጥና በማለስለሻ ይጨረሳል። ባለሙያዋ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረውን ሞረድ በአንድ ሥፍራ ያቆመች እንደሆነ ግን በጥፍሩ ላይ ቀይ ቀለበት ይቀራል። ደንበኛይቱ ሙቀት ወይም ማቃጠል ከተሰማት ሥራው ከፕላስቲኩ አልፎ ጥፍሩን ጀምሯል ማለት ስለሆነ ወዲያው እጇን መሰብሰብ ይገባታል፤ «ትንሽ ታገሺ» የሚለው ቃል በጥፍር ሥራ ላይ ቦታ የለውም። የተፋቀ ጥፍር ተመልሶ አይወፍርም። ከሥሩ አዲስ እስኪበቅል መጠበቅ ግድ ነው፤ የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያድግ ሙሉው እስኪተካ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። አባቶቻችን «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ያሉት ስለ ጥፍር አስበው ባይሆንም ቃሉ ልክክ ብሎ ገጥሞለታል።

ያለፈው ጥር ከተዳረች ሦስት ሳምንት ያልሞላት አንዲት ወጣት አውራ ጣቷን በነጠላ ሸፍና ወደ እኛ መጣች። ጥፍሯ አረንጓዴ ሆኖ ስለነበር ከቤተ ሰቧ አንዳንዶቹ መተት ነው ብለው ፈርተዋል። ከላይ መገጣጠሚያው እንደ መስተዋት ለስልሷል፤ ከሥሩ ግን ሙጫው ተላቅቆ ነበር። ሙሽሪት ሊጥ ስታቦካና ልብስ ስታጥብ ውሃ በክፍተቱ ገብቶ መውጫ አጣ። እንዲህ ያለው እርጥብ ሥፍራ ሱዶሞናስ ለሚባለው ባክቴሪያ ይስማማዋል፤ አረንጓዴው ቀለምም የእርሱ ነው። የተለጠፈው ወልቆ፣ የላላው ጥፍር ተቈርጦና ደርቆ ዳነላት። አረንጓዴውን አዲስ ጥፍር ለጥፎ መሸፈን ቤቱ ሲቃጠል በሩን እንደ መዝጋት ስለሆነ ማንም አይሞክረው።

ስለ ፈሳሾቹ ባጭሩ ልናገር። ሜቲል ሜታክሪሌት የተባለው ፈሳሽ ጥፍሩን ከመጠን በላይ ስለሚያጠነክረው፣ ሰው ሠራሹ ጥፍር በአንድ ነገር ሲጠለፍ የተፈጥሮውን ይዞ ይነቀላል፤ የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 በዚህ ፈሳሽ በተሠሩ የጥፍር ዕቃዎች ላይ እርምጃ ወስዷል። በመብራት የሚደርቀውም ጄል ቢሆን ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ አለርጂ ያመጣል። አለርጂው አንድ ጊዜ ከያዘ ዕድሜ ልክ የሚኖር ሲሆን፣ አንዳንድ የጥርስ መሙያዎችና የአጥንት ሲሚንቶ ከዚሁ ዘር ስለሆኑ መዘዙ ከጥፍር ያልፋል። ስለዚህ ፈሳሹም ጄሉም የጥፍሩን ሥር ቆዳ አይንካ።

አሁን ከጌጥ ወደ ሕይወት ልለፍ። በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1997 እስከ 1998 ድረስ ከላይ የተጠቀሰው ሱዶሞናስ በ46 ሕፃናት ላይ ተገኝቶ ከእነርሱ 16ቱ ሞተዋል። መርማሪዎቹ ነገሩ ከነርሶች ረጅም ጥፍርና ከሰው ሠራሽ ጥፍር ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ጽፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ባወጣው መመሪያ በሽተኛ የሚነካ ሠራተኛ ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርግ፣ የተፈጥሮውም ጫፍ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ እንዲሆን መክሯል። እንግዲህ በሌላው ሁሉ ለዘብ ብል በዚህ ነገር አልለዝብም። አዋላጅ፣ ነርስ፣ የልምድ አዋላጅ፣ አራስ የምታርስና የሕፃኑን እትብት የምትነካ አያት ሁሉ፣ ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሰው ሠራሽ ጥፍር ሊኖራቸው አይገባም። በሆቴል ምግብ የሚያሰናዱም ከዚሁ ቢቈጠሩ መልካም ነው። ሙሽራ ግን ጥቂት ቀን አጊጣበት ብታወልቀው እኔ ተቃውሞ የለኝም፤ አጭር ይሁን፣ ከማጕረሷም በፊት ከሥሩ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ።

መምህራን ሆይ፤ የተማሪዎችን ጥፍር ስትመረምሩ እንዲህ ያለ ጌጥ ያደረገች ልጅ ብታገኙ በሰልፍ ፊት አታሳፍሯት። ያፈረች ልጅ ጌጡን አትተውም፤ ባለሙያ ዘንድ መሄዱን ትታ በጓዳ ከሱቅ በተገዛ ሱፐር ግሉ ትለጥፈዋለች እንጂ። ይህ ሙጫ ጥጥ ሲነካ በድንገት ስለሚግል በነጠላ ወይም በቀሚስ ላይ ከፈሰሰ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጠርሙሱም የዓይን ጠብታ ስለሚመስል ከቤት መድኃኒት ጋር አይቀመጥ። ለብቻዋ ጠርታችሁ ጌጡ እንዴት እንደሚወልቅ ብታስረዷት ይበልጥ ይጠቅማታል። በጥርስም በቢላዋም አይፈነቀልም። ላዩ በሞረድ ጥቂት ከተነካ በኋላ አሴቶን በነከረ ጥጥ ተሸፍኖ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይቈያል፤ ሲለሰልስ በራሱ ይለቃል፤ ያልለቀቀውም እንደገና ይነከራል። አሴቶን በፍጥነት የሚተን፣ እሳትም ከሩቅ የሚስብ ስለሆነ፣ ሥራው መስኮቱ በተከፈተ ክፍል፣ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ርቆ ይደረግ።