ራቭ ፎር ስንገዛ የትኛውን ራቭ ፎር ነው የምንገዛው?

ጎንደር ላይ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው ከቪትዝና ከኮሮላ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ሲያምረው ልቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ራቭ ፎር ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ዋጋው ከላንድክሩዘር ይቀንሳል፤ ከአውቶሞቢል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ መለዋወጫው ይገኛል፤ ለሠርግም ለለቅሶም ቤተሰብ ይዞ ወገራ ድረስ ይወጣል። ችግሩ ግብይቱ ላይ ነው። ደላላው የሚነግረን የተሠራበትን ዓመት፣ ቀለሙንና ዋጋውን ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አዲሱ ፌስ ነው» ሲለን ገንዘብ እንጨምራለን፤ «አሮጌው ነው» ሲለን እንሸሻለን። በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ መኪኖች ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እርስ በርሳቸው እጅግ ተለያይተዋል። አዲሱ በወጣ ቁጥር ለከተማ ነጂ የተጨመረለት ነገር አለ። ለዳባትና ለደባርቅ መንገደኛ ደግሞ የተቀነሰበት ነገር አለ። ዓመት ብቻ ጠይቆ የሚገዛ ሰው ይህን ሳያይ ይፈርማል።

ቶዮታ የመጀመሪያውን ራቭ ፎር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እስከዚያ ድረስ ተራራ የሚወጣ መኪና ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በወፍራም ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ከባድ መኪና ነበር፤ ትንሹ ሱዙኪ ቪታራ እንኳ ሻንሲ ላይ ነው የተሠራው። ራቭ ፎር ግን አካሉ እንደ አውቶሞቢል ወጥ ሆኖ፣ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ የሚያሽከረክር ሆኖ መጣ። ባለ ሦስት በሩ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ባለ አምስት በሩ በዓመቱ ተከተለ። ሞተሩ 2.0 ሊትር፣ መካኒኮች «3ኤስ» የሚሉት ነው። ማንዋል ካምቢዮ ያለው አንዲት ማብሪያ አለችው፤ ስትጫን የመሐሉን ዲፈረንሻል ትቆልፋለች፤ ያን ጊዜ ጭቃ ላይ የፊቱም የኋላውም ጎማ እኩል ይገፋል። በክረምት ከአስፋልት ወርዶ ገጠር የገባ ሰው የዚያችን ማብሪያ ዋጋ ያውቃል።

ይህ ሞተር ኮምፒውተር ሳይሰካበት የሚጠገን ነው። ከጎንደር ርቆ ቢቆም እንኳ ዳባት ላይ ካንዴላውንና ነዳጅ ፓምፑን አይቶ የሚያስነሳው ሰው አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ይፈልጋል፤ የውስጡ ታይሚንግ በካቴና ሳይሆን በቺንጋ የሚዞር ስለሆነ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መለወጥ አለበት። ሻጩን «ቺንጋው መቼ ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው የቺንጋውን መለወጫ ከዋጋው አስቀንሱ፤ ገዝታችሁም ሌላ ነገር ሳትሠሩ እሱን አስለውጡ።

ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ እስከ 2005 ድረስ ተሠራ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መኪናው ሰፋ፣ ድምፁ ቀነሰ፣ ቺንጋው በካቴና ተተካ፤ የዲፈረንሻል መቆለፊያዋ ማብሪያ ግን ቀረች። ከዚህም በላይ፣ ሁለት ሞተር ይዞ መጣ፤ አንዱ 2.0 ሊትር፣ አንዱ 1.8 ሊትር። ባለ 1.8ቱ የፊት ጎማውን ብቻ የሚያሽከረክር ነው። ስሙ ራቭ ፎር ነው፣ ቁመናው ራቭ ፎር ነው፣ ከኋላው ትርፍ ጎማ ተሸክሟል፤ አራት ጎማ ግን አይጎትትም።

ይህ መኪና ለምን በአገራችን ገበያ ሊወደድ እንደቻለ ለማወቅ ወደ ቀረጡ ማየት ያስፈልጋል። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት እስከ 1,300 ሲሲ ያለ አውቶሞቢል 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ ያለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 100 በመቶ ይከፍል ነበር። የትንሹ ራቭ ፎር ሞተር 1,794 ሲሲ ነው። ከመስመሩ በታች የቀረው በ6 ሲሲ ብቻ ነው። ባለ 2.0ው 1,998 ሲሲ ስለሆነ 100 በመቶው ውስጥ ይወድቃል። ለአስመጪው ትንሹ እንደሚበጀው ግልጽ ነው። እንግዲህ ጉምሩክ ላይ የተሰመረ መስመር፣ ሊማሊሞ ላይ በየትኛው መኪና እንደምንወርድ ሲወስን ኖሯል። ኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ያገለገሉትን በዕድሜያቸው ልክ አከበደባቸው።

ባለ ሁለት ጎማውን ከባለ አራቱ ለመለየት ወረቀት አያስፈልግም። ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ይበቃል። ከካምቢዮው ተነሥቶ በመኪናው ሆድ መሐል ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግ ካለ፣ ከኋላም ዲፈረንሻል ካለ፣ አራቱም ይጎትታሉ። ዲፈረንሻሉ ኖሮ ዘንጉ ከሌለ የባሰ ነገር ነው፤ ድምፅ ሲያሰማ ወይም ሲንቀጠቀጥ አውልቀውት ሳይጠግኑት ቀርተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መኪና አልገዛም።

አሁን ወደ ተራራችን ልምጣ፤ ጉዳዩ እዚህ ይከብዳልና። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች። ደባርቅ ከ2,800 ይበልጣል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ጃን አሞራ የሚያሻግረው የቧሂት መንገድ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ከሚስበው አየር ጋር አብሮ ይወርዳል። ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛ ያህል፣ ደባርቅ ላይ ሩብ ያህል፣ ጨነቅ ላይ ሲሶ ያህል ጉልበት የለም። ኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን ከአየሩ ጋር ያስተካክላል እንጂ አየር አይፈጥርም። ስለዚህ 1.8 ሊትር ሞተር አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ እዚያው ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር ሲወጣ ፋብሪካው የሰጠውን ጉልበት አንጠብቅ። አዲስ አበባ ላይ «አይ፣ ይበቃል» የተባለ መኪና ደባርቅ ላይ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል።

ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቆረጠው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ በሞተር እንጂ በፍሬን አይወረድም። ማንዋል ካምቢዮ እዚህ ላይ የነጂው ወዳጅ ነው። አውቶማቲክ የያዘም በዲ ትቶት መውረድ የለበትም፤ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ያውርደው። አውቶማቲክን ሳነሣ አንድ ነገር ላክል፤ ለአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ከተሠሩት የሁለተኛው ትውልድ መኪኖች አንዳንዶቹ የሞተር ኮምፒውተራቸው እየተበላሸ ማርሽ ሲቀይሩ ይመታሉ፤ ሳይጠገን ከተነዳ ካምቢዮውን ይዞት ይሄዳል። ማርሽ ሲቀይር ጀርባችሁን ገፋ ካደረጋችሁ «ሲሞቅ ይተዋል» የሚለውን ቃል አትቀበሉ።

የሁለተኛው ትውልድ ባለ 2.0 ሞተርና ኋላ የመጣው ባለ 2.4ቱ ሌላም የታወቀ ድካም አለባቸው። ቴስታውን ከሞተሩ አካል ጋር የሚይዙት ብሎኖች፣ በተለይ ከኋላ በኩል ያሉት፣ ጥርሳቸው እየለቀቀ ውኃ ያፈሳል። ሜዳ ላይ ወር ሙሉ ሳይታወቅ ሊከርም ይችላል። ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ በሚወጣ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታው ይጣመማል። ስለዚህ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ከሞተሩ ጀርባ የውኃ ምልክት ወይም ሽታ መፈለግ ግዴታ ነው። ውኃ «ትንሽ ትንሽ ይጨመርበታል» የሚባል መኪና ለደጋ አይሆንም።

ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ መጣ። ጎንደር ላይ ሰው ሁሉ የሚመኘው ይህን ነው፤ ውበቱን አልክድም። ውስጡ ሰፊ ነው፣ መንገድ ላይ ያርፋል፣ ባለ 2.4 ሞተሩ ዳገት አይፈራም። አራት ጎማ አሠራሩ ግን ተለወጠ። ከዚህ በፊት የነበሩት ባለ አራት ጎማዎች አራቱንም ሁልጊዜ ነበር የሚያሽከረክሩት፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በፊት ጎማ ብቻ ሄዶ፣ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ የኋላውን ይጠራል። ሎክ የሚል ማብሪያ አለው፤ ፍጥነቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ራሱ ይለቃል። ለእርጥብ አስፋልት ጥሩ ነው። ረጅም ጭቃ ላይ ግን የመጀመሪያውን ትውልድ ባለ ማብሪያ አይተካም። ከዚህም ውስጥ ባለ ሁለት ጎማ አለ፤ እንደገና ጎንበስ ብሎ ማየት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 በተሠሩት ባለ 2.4 ሞተሮች ላይ የፒስቶን ፋሻዎቹ ዘይት ያሳልፋሉ፤ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ቶዮታ ራሱ በአሜሪካ ለዚህ ችግር ዋስትናውን አራዝሟል። ሻጩ ከመኪናው ጋር ሊትር ዘይት ይዞ የሚዞር ከሆነ፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ከታየ፣ ነገሩ ይህ ነው። ከየትኛው አገር እንደመጣም መጠየቅ ይገባል። ሻንሲ ቁጥሩ በጄ ከጀመረ ጃፓን ተሠርቷል፤ በ2 ከጀመረ ካናዳ። በረዶ ባለበት አገር መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ከዚያ የመጣ መኪና ላዩ አብረቅርቆ ሆዱ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ስለ አራተኛውና አምስተኛው ብዙ አልልም፤ ጎንደር ላይ የሚገዛቸው ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በመጣው አራተኛ ትውልድ ትርፉ ጎማ ከኋላ በር ተነሥቶ ወለል ሥር ገባ፤ ብዙዎቹም ላይ ቀጭን ጊዜያዊ ጎማ ሆነ። በቀጭን ጎማ ከጨነቅ እስከ ደባርቅ ድንጋይ ለድንጋይ መምጣት አይሞከርም። ይህን የሚገዛ ሰው ሙሉ ልክ ያለው ትርፍ ጎማ አብሮ ይግዛ። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነው ስድስተኛው ትውልድ ደግሞ ጭራሽ ያለ ሃይብሪድ አይሠራም።

የመጨረሻው ለእኛ ገበያ ሩቅ ነው። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ከአዘዞ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው እየቀረበ ያለ ነገር ነው፤ ደባርቅ ደርሶ ለመመለስ ግን መንገዱ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ አሁን በአገር ውስጥ ያሉት ራቭ ፎሮች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ናቸው፤ አዲስ የሚጨመርባቸው የለም። ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና በሚሊዮን ብር የሚጠራው ለዚህ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ቤተሰብ የሚገዛውን ማወቅ ይገባዋል፤ ብዙ ጊዜ የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት ቁጠባ ነውና።

በዚህ ሁኔታ የመኪናውን ዕድሜ የሚወስነው አያያዙ ነው፤ አያያዝ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጎማውን ነው። አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ በሚያሽከረክር መኪና ላይ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ማሰር፣ ወይም ልካቸው የተለያየ ጎማ ማቀላቀል፣ የመሐሉን ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ያፋጫል። ጎማ መወደዱን አውቃለሁ፤ ሁለት ሁለት እያሉ መግዛት የቸገረው ሰው ዘዴ ነው። የተሰበረ ዲፈረንሻል ግን ከአራት ጎማ በላይ ያስከፍላል። ስለዚህ መኪና ስታዩ የአራቱን ጎማ ልክና ጥርስ አንብቡ፤ ባለቤቱ እንዴት እንደያዘው ከአንደበቱ ይልቅ እዚያ ላይ ይታያል።

የኔን ምርጫ ለሚጠይቀኝ፣ ጎንደር ኖሮ ወደ ደጋ ለሚመላለስ ሰው ሁለተኛው ትውልድ፣ ባለ 2.0፣ አራት ጎማ፣ ማንዋል ካምቢዮ ይሻላል እላለሁ። ዘወትር ከአስፋልት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቺንጋው የተለወጠለት የመጀመሪያው ባለ አምስት በር። ከከተማ የማይወጣ ሰው ሦስተኛውን ይግዛ፤ ባለ 1.8ቱም ቢሆን ለከተማ በዋጋው ልክ ደኅና መኪና ነው። ጥፋቱ ለአራት ጎማ የሚከፈለውን ዋጋ ለሁለት ጎማ መክፈል ነው።

ቅድመ ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት መካኒካችሁን ይዛችሁ፣ ሰው ሞልታችሁ፣ በደባርቅ መንገድ እስከ ኮሶዬ ውጡ። ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ፤ መታጠፊያው ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዛችሁ ከፊት እግሩ የሚንኳኳ ነገር እንዳለ አዳምጡ፤ ስትመለሱ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱና ሞተሩ ሲይዝ ጭስ መኖሩን በመስታወት እዩ። ጎንደር ስትደርሱ ደረቅ መሬት ላይ አቁማችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ከሥሩ ምን እንደፈሰሰ ተመልከቱ። ከዚያ የሊብሬውን ሻንሲና ሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ፤ ስለ ዋጋ መነጋገር የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።