በሴት ስም የሚሰጠው ሽልማት ለሴቶች መንገዱን ይክፈት

የአፍሪካ ሲኒማ ትልቁ ክብር ፈረስ ላይ ሆና ጦር የጨበጠች ሴት ሐውልት ነው። በቡርኪናፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ፣ በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለምርጡ ሙሉ ፊልም የሚሰጠው ይህ የዬኔንጋ ፈረስ ሽልማት ከ1972 እስከ 2025 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 27 ጊዜ ተሰጥቷል። ሃያ ሰባቱም አሸናፊ ፊልሞች በወንዶች የተዘጋጁ ናቸው። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው፤ ሽልማቱ ታላቅ ነው፣ ታሪኩም የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን ስሟን ለተሸከመላት ሴት ያልከፈለው ዕዳ አለበት። ዕዳው የሚከፈለው በዳኞች ችሮታ ሳይሆን ወደ ውድድሩ የሚያስገባውን መንገድ በማስተካከል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ፌስቲቫሉ በ1969 ሲጀመር አገሪቱ ገና ላይኛው ቮልታ ትባል ነበር። የመጀመሪያውን ዝግጅት አስተባባሪ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት የመሩት ሴት ናቸው፤ ወይዘሮ አሊማታ ሳላምቤሬ። በዓመቱ፣ በ1970፣ መንግሥት የፊልም ማከፋፈሉን ሥራ ይዘው ከቆዩት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ጋር ተጋጭቶ ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ። አፍሪካውያን በገዛ አገራቸው የራሳቸውን ፊልም ማየት ይችሉ ዘንድ ድሃዋ አገር ከባዱን እርምጃ ወሰደች። በ1972 ፌስቲቫሉ በሕግ የቆመ ተቋም ሆነ፣ ዋናው ሽልማትም ተጀመረ። የመጀመሪያው አሸናፊ የኒጀሩ ኡማሩ ጋንዳ ነበሩ። ከ1983 በኋላ ደግሞ የቶማስ ሳንካራ መንግሥት ፌስቲቫሉን የአብዮቱ ኩራት አድርጎ አሳደገው።

የሽልማቱ ስምም እንዲሁ የመጣ አይደለም። የሞሲ ሕዝብ አፈ ታሪክ እንደሚተርከው ዬኔንጋ የዳጎምባው ንጉሥ የኔዴጋ ልጅ ናት። ገና በለጋ ዕድሜዋ ፈረስ ጋላቢ፣ ጦር ወርዋሪ፣ የአባቷ ሠራዊት መሪ ሆነች። ንጉሡ እንዲህ ያለች ተዋጊ ልጁን ማጣት ስላልፈለገ ትዳር ከለከላት። እሷም እርሻ አዘርታ፣ ሰብሉ ሲደርስ ሳይታጨድ ማሳው ላይ እንዲበላሽ ተወችው። አባቷ ምክንያቱን ቢጠይቃት፣ እኔንም የምታደርገኝ እንዲሁ ነው ስትል መለሰችለት። ንጉሡ ግን አልሰማትም፤ ጭራሽ አሰራት። ከእስር አምልጣ በፈረሷ ስትሸሽ ድንጉላው ጫካ ውስጥ ወደሚኖር ሪያሌ ወደሚባል የዝሆን አዳኝ አደረሳት። ከእሱ የወለደችው ልጅ ኡዌድራኦጎ የሞሲ መንግሥታት አባት ተብሎ ይቆጠራል። ዛሬም በቡርኪናፋሶ ብሔራዊ አርማ ላይ ሁለት ነጭ ፈረሶች ቆመዋል፣ የእግር ኳስ ቡድኑም የሚጠራው በፈረሶቹ ስም ነው።

ሽልማቱ ይህን ክብር የሚመጥን ሥራ ሠርቷል። የማሊውን ሱሌይማን ሲሴን በ1979 እና በ1983 ሁለት ጊዜ ሸልሟል። በ1991 ኢድሪሳ ኡዌድራኦጎን፣ በ1997 ጋስቶን ካቦሬን፣ በ2003 አብደራህማን ሲሳኮን አክብሯል። በ2009 ደግሞ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ወርቃማውን ፈረስ ለኢትዮጵያ አስገኝቷል። «ጤዛ» ቀደም ብሎ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው፤ በዋጋዱጉ ያገኘው ክብር ግን ሌላ ትርጉም አለው። ስለ ኢትዮጵያ አብዮት ዘመን መከራና ስለ ምሁሩ ስደት የተነገረውን የአማርኛ ታሪክ የፌስቲቫሉ ዳኞችና ተመልካቾች የራሳችን ነው ብለው ተቀበሉት። በአህጉሩ መሬት የሚሰጥ ሽልማት ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ያህል ስለምናከብረው ነው የጎደለውን የምንናገረው። በ1987 ያሸነፈው የሜድ ሆንዶ «ሳራኡኒያ» የፈረንሳይን ወራሪ ጦር የተቋቋመች ንግሥት ታሪክ ነው። ጦረኛዋ ሴት በሸራው ላይ ክብር አግኝታለች፤ ከካሜራው ጀርባ የቆመችው ግን እስካሁን አላገኘችም። ችሎታ አልነበረም ማለት አይቻልም። የዬኔንጋ ፈረስ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠበት በዚያው በ1972 የቱኒዝያው የካርቴጅ ፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛ ሽልማቱን ከሰጣቸው ፊልሞች አንዱ ስለ አንጎላ የነፃነት ትግል የሚተርከው የሳራ ማልዶሮር «ሳምቢዛንጋ» ነበር። ቱኒዝያዊቷ ሙፊዳ ትላትሊም በ1994 ይህንኑ የካርቴጅ ሽልማት ወስደዋል። በዚያን ጊዜ ካርቴጅ የቻለውን ዋጋዱጉ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አላደረገችውም።

እርግጥ በዚህ ጉድለት ፌስፓኮ ብቻውን አይወቀስም። የካን ፌስቲቫል ወርቃማ ዘንባባውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴት ዳይሬክተር የሰጠው በ1993 ነው፤ ኦስካር ደግሞ የምርጥ ዳይሬክተርነትን ሽልማት ለሴት እስኪሰጥ 2010 ደርሷል። ነገር ግን የኦስካር ሐውልት ሰይፍ የጨበጠ ወንድ ነው፤ የካንም ዘንባባ ነው። ሴትን ምልክቱ ያደረገው ፌስፓኮ ነውና ከሌሎቹ ይልቅ ቃሉን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ዳኞች የሚመዝኑት ፊልም እንጂ ጾታ አይደለም የሚለውን መከራከሪያ እናውቀዋለን፤ በመርሕ ደረጃም እንስማማበታለን። በ2013 የፌስቲቫሉን ዋና ዋና የዳኞች ቡድኖች የመሩት ሴቶች ነበሩ። የሙሉ ፊልሞቹን ዳኞች የመሩት የማርቲኒክ ተወላጇ ኡዛን ፓልሲ ሲሆኑ፣ የእሳቸው ቡድንም ሽልማቱን ለአላን ጎሚስ ሰጠ። ፍርዱን የሚያጣጥል ምክንያት የለንም። ይህ ምሳሌ የሚያሳየው ግን ችግሩ ያለው ከዳኞቹ ጠረጴዛ በፊት መሆኑን ነው። ዳኛ ሊመርጥ የሚችለው ፊቱ ከቀረቡለት ፊልሞች መካከል ብቻ ነው።

አጭር ፊልምና ዘጋቢ ፊልም በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ሰው ይሠራል። ሙሉ ልብ ወለድ ፊልም ግን ዓመታት የሚፈጅ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ከውጭ አገር አጋሮች ጋር መዋዋል፣ ረጅም ቀረጻ መምራትን ይጠይቃል። ገንዘብ የሚፈቅደው፣ ዋስትና የሚጠይቀው፣ አከፋፋይ የሚመርጠው ሰው ትልቅ በጀት ለሴት ለመስጠት ሲያመነታ ታሪኳ ከውድድሩ አስቀድሞ ይቀጫል። ንጉሥ ኔዴጋ ያልሰማው አቤቱታ ይኸው ነው፤ የደረሰን ሰብል የሚሰበስበው ሲጠፋ ጥፋቱ የዘሩ አይደለም። መንገዱ ጥቂት በተከፈተ ጊዜ የታየውም ይህንኑ ይመሰክራል። በ2023 የቡርኪናፋሶዋ አፖሊን ትራኦሬ በ«ሲራ» የብር፣ ኬንያዊቷ አንጄላ ዋማይ ደግሞ በ«ሺሞኒ» የነሐስ ፈረስ፣ ማለትም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሽልማት አሸንፈዋል።

ስለዚህ ከፌስፓኮ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በ2027 ከሚካሄደው ፌስቲቫል ጀምሮ ስንት ሙሉ ፊልሞች እንደቀረቡ፣ ከእነዚህ ስንቱ በሴቶች እንደተዘጋጁና ስንቱ ለውድድር እንዳለፉ ለሕዝብ ያሳውቅ። ያልተቆጠረ ጉድለት አይታረምም። ሁለተኛ፣ ፊልሞቹን የሚያጣራው ኮሚቴ ማን ማን እንዳለበትና በምን መስፈርት እንደሚመርጥ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ ፌስቲቫሉና የአፍሪካ አገሮች የፊልም ተቋማት በአጭር ፊልም ችሎታቸውን ያስመሰከሩ ሴቶች ወደ መጀመሪያ ሙሉ ፊልማቸው የሚሸጋገሩበትን ቋሚ ገንዘብ ያቋቁሙ። በዳኞች ላይ ኮታ መጣልን ግን አንደግፍም። ጾታዋ ታይቶ የተሰጣት ሽልማት ለአሸናፊዋ ክብር ሳይሆን ዕድሜ ልክ የሚከተላት ጥርጣሬ ይሆንባታል።

ጉዳዩ የዋጋዱጉ ብቻ እንዳይመስለን። «ጤዛ» ካሸነፈ በኋላ ሌላ የኢትዮጵያ ፊልም ወርቃማውን ፈረስ አላገኘም። እኛም የፊልም ተቋሞቻችን፣ ባንኮቻችንና ስፖንሰሮቻችን ለየትኛዋ ዳይሬክተር በራቸውን እንደከፈቱ መጠየቅ አለብን። ጽሑፍ ይዛ ቢሮ ለቢሮ የምትንከራተት ባለሙያ ካለች፣ ለፌስፓኮ ያቀረብነው ጥያቄ አስቀድሞ ለእኛም ነው።

ፌስፓኮ የተወለደው አፍሪካውያን ታሪካችንን ሌላ አይንገርልን ብለው በመነሳታቸው ነው። የአህጉሩ ግማሽ ሕዝብ ታሪኩን በትልቁ ሸራ የሚናገርበት አቅም ሲነፈገው ግን ያ ዓላማ በግማሽ ቀርቷል ማለት ነው። የፌስቲቫሉ አመራር ሙሉ ሊያደርገው ሥልጣኑም ልምዱም አለው። በ2027 ቁጥሩን በይፋ ያውጣ፣ መስፈርቱን ይግለጥ፣ ገንዘቡን ይመድብ፤ ከዚያ በኋላ ዳኞቹ በነፃነት ይፍረዱ።