የገጠሩ ገዳም ወደ ከተማ ይግባ?

ከአምቦ ተነስቶ ወደ ጅባት ወረዳ፣ ወደ ሸነን የሚሄድ መንገደኛ ዛሬ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ታሪፍ አይደለም። «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። የምዕራብ ሸዋ ሰው ለገበያ፣ ለለቅሶም ሆነ ለሕክምና ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ይህን መጠየቅ ከለመደ ዓመታት ተቆጠሩ። መልሱ ሲያጠራጥር አቅም ያለው ከተማ ይገባል። መምህሩ ዝውውር ይጠይቃል፣ ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል፣ ነርሷ ወደ ዞን ከተማ የምትዛወርበትን ቀን ትቆጥራለች። ገጠር የሚቀረው መሄጃ የሌለው ነው።

ይህ ጽሑፍ ግን መሄጃ እያላቸው ስለሚቀሩ ሰዎች ነው፤ ስለ መነኮሳት። በተለይም ብዙ ኢትዮጵያዊ መኖራቸውን እንኳ ስለማያውቀው ስለ ትንንሾቹ የገጠር የካቶሊክ ገዳማት።

ለአብዛኛው ሰው ገዳም ሲባል ደብረ ዳሞ፣ ደብረ ሊባኖስ ወይም ዝቋላ ይታየዋል። ካቶሊክ ሲባል ደግሞ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ። «የካቶሊክ ገዳም» ሲባል ግር የሚለው ብዙ ነው። አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነሱ መካከል መንኩሶ በገዳም የሚኖረው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም እንደ ሰሜን ሸዋዋ መንዲዳና እንደ ሆሳዕና ባሉ ቦታዎች የሲታውያን መነኮሳት ይኖራሉ። ሲታውያን የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1098 ፈረንሳይ ውስጥ ከተመሠረተው የሲቶ ገዳም ነው።

የእነዚህ ሰዎች ቀን የሚጀምረው ሌሊት ነው። መንደሩ ተኝቶ ሳለ ይነሳሉ፣ ይጸልያሉ። ሥርዓታቸው ቅዱስ ቤነዲክቶስ ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት የጻፈው ባለ 73 ምዕራፍ ደንብ ነው። በቀን ሰባት ጊዜ፣ በሌሊት አንድ ጊዜ ለጸሎት መቆም ከዚያ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ሲሆን ደግሞ ቅዳሴው በግእዝ ሥርዓት ነው። ከበሮውም፣ ጾሙም ለአገሬው ሰው እንግዳ አይደለም። ከውጭ ቆሞ የሚያዳምጥ የኦርቶዶክስ አማኝ ዜማውን ለመለየት አይቸገርም።

ከጸሎት በኋላ ሥራ ነው። ደንቡ መነኩሴ በእጁ ሠርቶ እንዲበላ ያዛል። ሥራ መፍታት ለነፍስ ጠላት ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ አንዱ ዶማ ያነሳል፣ ሌላው ላሞቹን ያልባል፣ ሌላው ወጥ ቤት ይገባል። ስለ መጋቢው በተጻፈው ምዕራፍ ላይ አንድ የሚገርም ትእዛዝ አለ። የገዳሙ ዕቃ ሁሉ፣ ዶማውም ባልዲውም፣ እንደ መሠዊያ ንዋየ ቅድሳት ተቆጥሮ እንዲያዝ ያዛል። ገበሬ ይህን ለመረዳት ሥነ መለኮት መማር አያስፈልገውም። ማረሻውን ዝናብ ላይ ጥሎ የማያድር ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

እንግዳን በተመለከተም ደንቡ ግልጽ ነው። የመጣ ሁሉ ክርስቶስ እንደመጣ ተቆጥሮ ይስተናገዳል። ሃይማኖቱን ጠይቃችሁ አስገቡት አይልም። ገዳም በገጠር የሚታወቀው በዚህ ነው። በሩ ላይ ወደ ሐኪም ቤት የምትሄድበት ገንዘብ ያጣች እናት ትቆማለች፣ የቀበሌ ደብዳቤ የሚያነብለት ያጣ ሽማግሌ ይቆማል፣ መሽቶበት ማደሪያ ያጣ መንገደኛ ይቆማል። እነዚህ ነገሮች ሪፖርት ላይ አይወጡም። ፎቶ ተነስቶላቸው ለለጋሽ አይላኩም። የገጠር ሕይወት ግን ከእነዚህ ነው የተሠራው።

እዚህ ላይ የቆየ ጥርጣሬ ይነሳል። «ካቶሊክ የፈረንጅ ነው፣ የመጣው ሊቀይረን ነው» የሚል። ጥርጣሬው ከሜዳ አልተነሳም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ጉዳይ አገሪቱን ደም አፋስሷል። እ.ኤ.አ. በ1632 ፋሲለደስ ሲነግሡ የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ፣ ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት የካፑቺኑ ጳጳስ ማሳያ ከአምቦ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ጉድሩ በኩል አድርገው ወደ ኦሮሞ አገር የገቡት በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሕዝቡ ያስታወሳቸው ለፈንጣጣ በሚሰጡት ክትባት ነው። እሳቸውም በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጥተዋል።

ነገር ግን ታሪኩ አንድ አቅጣጫ ብቻ የለውም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ሮም ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ አሳትመዋል። ያን ጊዜ መጽሐፉ ይዟቸው የሄደው ፊደል የእኛው ነበር። የሲታውያን ገዳማትንም ቢሆን ለዚህ አገር ያሰበው ፈረንጅ አይደለም። አባ ፌሊቼ ማርያም ገብረ አምላክ የተባሉ የኤርትራ ተወላጅ ካህን ናቸው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወጣቶችን ይዘው ጣሊያን ወደሚገኘው ካዛማሪ ገዳም የሄዱት። ሐሳባቸው ልጆቹ ምንኩስናን ተምረው እንዲመለሱና በራሳቸው ቋንቋና ሥርዓት የሚኖር ገዳም እንዲተክሉ ነበር። እሳቸው ይህን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1934 እዚያው ካዛማሪ አረፉ። ልጆቹ ግን በ1940 ተመልሰው አስመራ አካባቢ ጀመሩ፤ ከዚያም ሥራው ወደ መሐል አገር ወረደ።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ «የማን ናቸው?» አይደለም። የዛሬው ጥያቄ «ይቆዩ ወይስ ይውጡ?» ነው።

ጥያቄው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዝቋላ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አራት አባቶች ተገድለዋል። ዝቋላ ዘመናት የተሻገረ፣ በአገር የታወቀ፣ ምእመኑ በእግሩ ተራራ ወጥቶ የሚሳለመው ገዳም ነው። እዚያ ይህ ከሆነ፣ አምስትና ስድስት መነኮሳት ብቻ ያሉበት፣ ስሙ ከወረዳው ውጭ የማይታወቅ ቤት ምን ዋስትና አለው? አለቆቻቸው «አዲስ አበባ ግቡ፤ እዚያ ትጸልያላችሁ፣ ታስተምራላችሁ» ቢሏቸው ማን ይፈርድባቸዋል?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ አልጄሪያ ውስጥ ነው። ቲብሂሪን ትባላለች። ትርጉሙ በበርበር ቋንቋ የአትክልት ቦታዎች ማለት ነው። ሜዴያ ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ ተራራ ላይ ያለች መንደር ናት። እዚያ የነበሩት የሲታውያን ዘመድ የሆኑ ትራፒስት መነኮሳት፣ ፈረንሳውያን፣ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። መንደሩ በሙሉ ሙስሊም ነው። መነኮሳቱ ማንንም አላጠመቁም። አትክልቱን ከመንደሩ ገበሬዎች ጋር በማኅበር ያለሙ ነበር። ከቅጥራቸው ውስጥ አንድ ቤት ለመንደሩ ሰው መስገጃ ሰጥተዋል። ወንድም ሉክ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ፣ በኋላ አስም ይዞት በእርጅናውም ጭምር፣ የመጣውን ሁሉ ያክም ነበር።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። በታኅሣሥ 1993 ከገዳሙ ብዙም በማይርቅ ቦታ 12 ክሮኤሽያውያን ሠራተኞች ታረዱ። በገና ዋዜማ ደግሞ የታጠቁ ሰዎች ወደ ገዳሙ ራሱ መጥተው ሐኪሙን፣ መድኃኒትና ገንዘብ ጠየቁ። የገዳሙ አለቃ ክርስቲያን ደ ሼርዤ ይህ ቤት መሣሪያ የማይገባበት ቤት መሆኑን ነግሮ፣ የታመመ ካለ ግን እዚሁ መጥቶ እንደሚታከም አስረዳ። ሰዎቹ ተመለሱ። መንግሥት በበኩሉ ወታደር ላቁምላችሁ ሲል፣ መነኮሳቱ እሱንም አልተቀበሉም። ታጣቂዎቹን የተራራው ወንድሞች፣ ወታደሮቹን የሜዳው ወንድሞች ይሏቸው ነበር። ከዚያ ተቀምጠው ተመካከሩ። አንዳንዱ መሄድ ፈልጎ ነበር። ጸለዩ፣ ጊዜ ወሰዱ፣ ድምፅ ሰጡ። በመጨረሻ ለመቆየት ተስማሙ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1996 ሌሊት ሰባቱ ታፍነው ተወሰዱ። በግንቦት መገደላቸው ተሰማ። በትክክል ማን እንዴት ገደላቸው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ2018 ኦራን ላይ ብፅዕና ታወጀላቸው። በዚያ ሌሊት ሳይያዙ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ፣ አባ ዣን ፒየር፣ ወደ ሞሮኮ ተሻግረው ያንኑ ሕይወት ቀጠሉ። በ2021 በ97 ዓመታቸው እዚያው አረፉ።

ይህን ታሪክ «ሰማዕትነት ያምራል» ለማለት የሚያነሳ ሰው ስቷል። ሞት አያምርም። ከቲብሂሪን የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፤ ሦስት ነገሮችን ያሳያል።

አንደኛ፣ ውሳኔው የነዋሪዎቹ ነበር። ቆዩ ብሎ ያስገደዳቸው አለቃ የለም፤ ውጡ ብሎ የጎተታቸውም የለም። በገጠር ያለ መነኩሴ ከሩቅ ከተማ «ጽና» ሊባል አይገባም። «ሸሸ» ሊባልም አይገባም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሌላውን ሰው ጀግንነት ማዘዝ ቀላል ነው።

ሁለተኛ፣ ከማንም ወገን መሣሪያ ወደ ቅጥራቸው እንዳይገባ ከለከሉ። ይህ ለእኛ ሁኔታ ዋናው ነው። ገዳም ውስጥ ወታደር ሰፍሮ ካደረ፣ ለሌላው ወገን ገዳሙ ምሽግ ይሆናል። ታጣቂ ስንቅ ከወሰደበት ደግሞ ለመንግሥት የጠላት ጎተራ ይሆናል። በምዕራብ ሸዋም ሆነ በአማራ ክልል ገበሬው በዚህ መሐል ነው የሚቆላው፤ ቀን አንዱ ያጉረጠርጥበታል፣ ሌሊት ሌላው። ሁለቱም ወገን ሊደፍረው የማይገባ አንድ ግቢ በየአካባቢው መኖሩ ለመነኮሳቱ ብቻ ሳይሆን ለገበሬውም መጠለያ ነው።

ሦስተኛ፣ ቲብሂሪን እንድትቆይ ያደረጋት ጉርብትናው ነው። አጥሩ አላቆያትም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህ ነው። ገዳሙ ከመንደሩ ጋር አንድ ማሳ ሲያርስ፣ አንድ ለቅሶ ሲደርስ፣ አንድ ድርቅ ሲያሳልፍ፣ የመንደሩ ሰው «የእኛ ናቸው» ይላል። ይህ ጥይት ባያስቆምም፣ ብዙ ክፉ ሐሳብን ገና ከመነሻው ያስቆማል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። «አምስት መነኩሴ በገጠር ቢቆይ ምን ይለወጣል? በዚያው ገንዘብ ከተማ ላይ ሺህ ተማሪ የሚማርበት ትምህርት ቤት አይሻልም?» የሚል። በቁጥር ከሆነ ተቃዋሚው ያሸንፋል። ገጠሩ ባዶ የቀረውም ግን በዚህ ስሌት ነው። ባንኩም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ እርዳታ ድርጅቱም እያንዳንዳቸው «በቁጥር አያዋጣም» እያሉ ነው የወጡት። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ልክ ነበሩ። ውጤቱን ሲደምሩት ግን አንድ ወረዳ ሰው የተወው ወረዳ ሆኖ ይገኛል። መነኩሴ ለዚህ ስሌት የማይገዛ የመጨረሻው ሰው ነው። እሱም ካሰላ፣ ለገጠሩ ማን ቀረ?

ስለዚህ ከሚመለከታቸው የሚጠበቀው ግልጽ ነው። የቤተ ክርስቲያን መሪዎች የገጠሩን ቤት የአዛውንቶች ማቆያ አያድርጉት፤ ወጣት መነኮሳትን ይላኩ፣ የሚያርሱበት መሬትና የሚያክሙበት መድኃኒት ይኑራቸው፣ የመቆየትና የመውጣት ውሳኔውን ግን ለራሳቸው ይተዉላቸው። መንግሥት ገዳማትን፣ መስጊዶችንና አብያተ ክርስቲያናትን የጦር ሰፈር ላለማድረግ ይጠንቀቅ። በዝቋላ የሆነው ዓይነት ግፍ ሲፈጸምም መርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ያሳውቅ። መሣሪያ ያነሳውም ወገን የእናቱ ቄስ፣ የአባቱ ሼህ ወይም የመንደሩ መነኩሴ በማን ላይ እንደማይተኩስ ያስታውስ። ጎረቤቱም በሃይማኖት ባይመስለው እንኳ የገዳሙን በር እንደራሱ በር ይጠብቅ።

ካዛማሪ፣ አባ ፌሊቼ ያረፉበት ያ ገዳም፣ እ.ኤ.አ. በ1799 ከናፖሊ የሚመለሱ የፈረንሳይ ወታደሮች ዘርፈውት ስድስት መነኮሳት ገድለውበታል። ገዳሙ አልተዘጋም። ባይዘጋ ነው ከ130 ዓመት በኋላ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የሄዱ ወጣቶች በሩን አንኳኩተው የገቡት። ያን ቀን የተረፉት ሰዎች «አያዋጣም» ብለው ቢበተኑ ኖሮ የመንዲዳው ደወል ዛሬ አይደወልም ነበር።

የምዕራብ ሸዋ መንገድ አንድ ቀን ሰላም ይሆናል። ያን ቀን የሄደው ሁሉ ሲመለስ መንደሩ ውስጥ በሩን ክፍት አድርጎ የሚጠብቀው ሰው ሊኖር ይገባል።