ሞተሩን የሚገድለው ግቢው ነው

በደቡብ ጎንደር የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና የፕሮጀክት ግቢዎች ጥግ ላይ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ተደግፎ ማየት ብርቅ አይደለም። አንዳንዱ ሸራ ለብሷል፣ አንዳንዱ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ለግብርና ባለሙያ፣ ለጤና ተቆጣጣሪ፣ ለእርዳታ ሠራተኛ ተብለው ከመጡት መካከል እንደ ያማሃ ኤጂ 100፣ ያማሃ ዲቲ 125 እና ሱዙኪ ቲኤፍ 125 ያሉት፣ መካኒኮች ቱ ስትሮክ የሚሏቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች፣ የተለየ ታሪክ አላቸው። ስለ እነሱ ሲወራ “አርጅተዋል፣ ጊዜያቸው አልፏል” ይባላል። ይህ አባባል ስህተት ነው ባይ ነኝ። እነዚህን ሞተሮች የሚጨርሳቸው የሄዱበት ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ተበላሽተው ከቆሙበት ቀን አንሥቶ እስኪወገዱ ድረስ ግቢ ውስጥ የሚያሳልፉት ዓመት ነው። ስለዚህ ቶሎ ይሸጡ፤ በየቤቱ ግቢ የጥገና ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እጅ ይግቡ። የዛሬው ክርክሬ ይኸው ነው።

ክርክሩ የሚነሣው ከሞተሩ ከራሱ አሠራር ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ከሥሩ የዘይት ቋት አለው፤ ለዓመት ቢቆም እንኳ ብዙው ብረት የዘይት ሽፋን ይዞ ይቆያል። ባለ ሁለት ምቱ እንዲህ ያለ ቋት የለውም። ክራንኩ የሚሽከረከርበት ክፍል ከካርቡራቶር የሚመጣው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ የሚያልፍበት መንገድ ስለሆነ፣ የክራንኩን ኩሽኔታዎች የሚያለሰልሳቸው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚገባው ጥቂት ዘይት ብቻ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ይህ ይበቃል። ሲቆም ግን ያቺው ስስ ሽፋን ቀስ በቀስ ትወርዳለች፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የደብረ ታቦር እርጥበት በካርቡራቶሩና በማርሚታው በኩል ይገባል፤ ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ሁለት ክረምት ያሳለፈ ክራንክ ተፈትቶ ሲታይ ኩሽኔታው ላይ ዝገቱ ነጠብጣብ ሠርቶ ይገኛል። ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንኖ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ ቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። በክራንኩ ጎንና ጎን ያሉት ኦይል ሲሎች ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። እንዲህ ያለውን ሞተር ከዓመታት በኋላ ካንዴላ ብቻ ቀይሮ የሚያስነሣ ሰው ዕድለኛ ነኝ ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ ግን በደረቀው ሲል በኩል ትርፍ አየር ስለሚሳብ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ብዙም ሳይቆይ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይነክሳል። ያኔ “አሮጌ ነው ብለን ነበር” ይባላል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ውድድር ሰው ራንዲ ማሞላ እ.ኤ.አ. በ1988 ሶማሊያ ሄደው ያዩት ይህንኑ ነበር፤ ለጤና ሥራ የተላኩ ተሽከርካሪዎች በጥቃቅን ብልሽት ተጥለው። ከዚያ በኋላ የተመሠረተው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት በጋምቢያ፣ በሌሶቶና በሌሎች አገሮች የተከተለው መርሕ ቀላል ነበር፤ ዕቃው ሳይሰበር በጊዜው ይለወጥ፣ ነጂው በየዕለቱ ይፈትሽ። ብዙ ኪሎ ሜትር መሄድ የማያሰጋው ሞተር በአንዲት ላስቲክ እጦት መቆሙን እንደ ተፈጥሮ ነገር አልተቀበሉትም።

“እሺ፣ ግን በቤት ግቢ ውስጥ፣ በካቻቢቴና በፒንሳ፣ ማን ነው ይህን የሚሠራው?” ለሚል፣ የሞተሩ ቀላልነት መልስ ነው። እንደ ባለ አራት ምቱ ያለ ቫልቭ የለውም፣ የቫልቭ ዘንግም የለውም። ዋናዎቹ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ፒስተኑ፣ ቢየላውና ክራንኩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የያማሃ የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌት፣ ዋይኤ 1፣ የጀርመኑን ዲኬደብሊው አርቲ 125 ተከትሎ የተሠራ ነበር፤ እንግሊዞች፣ አሜሪካውያንና ሶቪየቶችም ያንኑ ሞተር መሠረት አድርገው የየራሳቸውን አውጥተዋል። ፈትቶ፣ ለክቶ፣ ደግሞ መሥራት የሚቻል ሞተር ስለነበረ ነው። የኤጂ 100 ሲሊንደር ሲበላ ቶርኖ ቤት ወስዶ በጥቂቱ ማስፋትና በ0.25 ሚሊሜትር ልዩነት እየተለቀ የሚመጣውን ፒስተን ከነፋሻው መግጠም ይቻላል። የኮምፒዩተር መመርመሪያ አይጠይቅም። ሰንሰለቱ በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃ አይበላውም፤ በግራም በቀኝም መቆሚያ እግር ስላለው በተዳፋት ማሳ ዳር እንኳ ይቆማል። ለገበሬ አገር ታስቦ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል።

ሆኖም ቀላል ማለት ያለ ዕውቀት ይሠራል ማለት አይደለም፤ በደጋ ደግሞ ይብሳል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በከተማዋ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ ተስተካክሎ ከፋብሪካ የወጣ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጢሱ ይበዛል፣ ካንዴላው በጥቁር እርጥብ ጥላሸት ይሸፈናል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ካንዴላ መቀያየር ነው። መደረግ ያለበት ግን በካርቡራቶሩ ሆድ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የነሐስ ጄት አውጥቶ በአነስተኛ ቁጥር መተካት ነው። ከዚያም ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ጥቂት ከተነዳ በኋላ ድንገት አጥፍቶ ካንዴላውን መፍታትና ጫፉን ማየት፤ እንደ ተቆላ ቡና ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ገና በዝቷል፣ ከነጣ ደግሞ አደጋ አለ። ይህን በዓይኑ የሚያነብ የሰፈር መካኒክ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ግን እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። ለደጋዎቹ ለጋሳይና ለክምር ድንጋይ የተስተካከለ ሞተር ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ይሳሳበታል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ ባለው የቻይና መንገድ ላይ የሚመላለስ ሞተር ለከፍታው ጫፍ ሳይሆን ለመካከሉ መስተካከል አለበት፤ ትንሽ ጢስ መታገሥ ፒስተን ከማቅለጥ ይሻላል። ከዚህም የከፋው የዘይት ጉዳይ ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ኦቶሉብ የተባለ የዘይት ፓምፕ በሞተሮቹ ላይ አስገባ፤ ዘይቱ ለብቻው ጋን ውስጥ ይቀመጣል፣ ፓምፑ በሞተሩ ፍጥነትና በጋዙ መጠን እየለካ ያጠጣል። ፓምፑ ሲያስቸግር ነቅሎ ጥሎ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ማደባለቅ የተለመደ መፍትሔ ነው። በሜዳ ይሠራል። ከደብረ ታቦር በዓለም በር በኩል ወደ ወረታ 900 ሜትር ገደማ በሚወረድበት ቁልቁለት ግን ነጂው ጋዙን ይዘጋል፤ ቤንዚን ሲቆም ዘይቱም አብሮ ይቆማል፤ ሞተሩ ግን በጎማው እየተገፋ በፍጥነት ይዞራል። ደርቆ ይነክሳል። ምሥራቅ ጀርመኖች ለትራባንት መኪና፣ ስዊድኖች ለአሮጌዎቹ ሳብ መኪናዎች ጎማው ሞተሩን እንዳይጎትተው የሚያላቅቅ መሣሪያ የገጠሙት በዚሁ ምክንያት ነው። በደቡብ ጎንደር ፓምፑን ነቅሎ መጣል ትክክል አይመስለኝም፤ መጠገን አለበት። እስኪጠገን ደግሞ ቁልቁለቱን ፍሪሲዮን ይዞ፣ አልፎ አልፎ ጋዝ እየሰጡ መውረድ ይሻላል። ይህ ሞተር እንደ ባለ አራት ምቱ ፍጥነትን አጥብቆ አይዝም፤ ፍሪሲዮን ሲያዝ ደግሞ ጭራሽ አይዝም። ስለዚህ የፍሬን ሸራ ከቀለም በፊት ይለወጥ። ታንኩን ቀብቶ፣ ወንበሩን አዲስ ቆዳ አልብሶ፣ ያለቀ ፍሬን ይዞ ለገበያ የሚያወጣ ሰው ጥገና አልሠራም፤ ሰው ላይ አደጋ ደገሰ።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ከባዱ የጢሱ ነው፤ በቅን ልቦናም መመለስ አለበት። ካርቡራቶር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር አዲሱን ድብልቅ የሚያስገባውና የተቃጠለውን የሚያስወጣው በአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ከቤንዚኑ ሩብ ያህሉ፣ ከዚያም በላይ፣ ሳይቃጠል በማርሚታው ሊወጣ ይችላል። ይህን ጥሩ ጥገና አያጠፋውም። ዳካ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2003 መባቻ ጀምሮ ባለ ሁለት ምት ባለ ሦስት እግር ታክሲዎችን ከመንገዷ ያወጣችው በቂ ምክንያት ስለነበራት ነው፤ አየሯም ተሻሽሏል። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ለሚሽከረከር ታክሲ ይህን ሞተር አልከራከርለትም። የምከራከርለት በሳምንት ጥቂት ጊዜ ወደ ስማዳ ወይም ወደ ታች ጋይንት ቀበሌ ክትባት ይዞ፣ ወይም የእንስሳት መድኃኒት ጭኖ ለሚወጣው ነው። የሚታየው ሰማያዊ ጢስ ደግሞ ብዙው ከተፈጥሮው ሳይሆን ከሰው እጅ የሚመጣ ነው፤ ለእርግጠኝነት ተብሎ ከሚጨመር ትርፍ ዘይት፣ ለመኪና የተሠራ ዘይት ከማደባለቅ፣ ካልተስተካከለ ጄት፣ በካርቦን ከተደፈነ ማርሚታ። እነዚህ ሁሉ በቤት ግቢ ውስጥ የሚስተካከሉ ናቸው።

“ኤሌክትሪኩ መጥቶ የለም ወይ?” የሚሉም አሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መደረጉ አቅጣጫውን ያሳያል፤ አቅጣጫውንም እደግፋለሁ። ነገር ግን መብራት በሌለበት ቀበሌ የሚሠራ ባለሙያ ዛሬ መሄድ አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል፤ አዲስ ሞተር ለብዙ ሰው የማይቀመስ ሆኗል። አገር ውስጥ ያለ ብረት እንዲበሰብስ መተው በዚህ ጊዜ ከወትሮው የበለጠ ያስቆጫል።

መለዋወጫ የለም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ፋሻ፣ ኦይል ሲልና ኩሽኔታ በመጠን የሚታወቁ ዕቃዎች ናቸው፤ ሲልና ኩሽኔታ ላያቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፣ ያ ቁጥር ለሌላ ማሽንም ይሠራል። የሚቸግረው እንደ ዘይት ፓምፑና ካርቡራቶሩ ያለው ነው። እሱንም ብርቅ ያደረገው የማስወገዱ ሥርዓት ይመስለኛል። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ኮሚቴ እስኪቋቋም፣ ግምት እስኪወጣ፣ ጨረታ እስኪታወጅ ሲጠብቅ፣ በመጀመሪያ የሚጠፋው ካርቡራቶሩ ነው፤ ቀጥሎ ባትሪውና ጎማው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ለጨረታ የሚቀርበው ቅርፊቱ ነው፤ በኪሎ ይሸጣል፣ ገዢውም ብረት አቅላጭ ይሆናል።

“ቶሎ ይሸጥ ማለት ለሌባ በር መክፈት ነው፤ የሚሠራው ሞተር ሁሉ ‘ተበላሽቷል’ ተብሎ ለዘመድ ይሸጣል” የሚለውን ሥጋት ግን አልንቀውም። መንግሥት በንብረት ማስወገድ ላይ ጥብቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን መዘግየቱ ስርቆትን አላስቀረም፤ በአንድ ጊዜ ከሚሰረቅ ሙሉ ሞተር ይልቅ በየጊዜው እየተፈታ የሚሰረቅ አደረገው። ይህኛው ደግሞ ማስረጃ አይተውም። ሞተሩ በቆመ በወራት ውስጥ፣ ዕቃው ሳይጎድል፣ የሞተርና የሻሲ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ፎቶው ተለጥፎ፣ በግልጽ ጨረታ ቢሸጥ ማጭበርበሩ ይበልጥ ይከብዳል። አንድ ሰው በአንድ ጨረታ ከአንድ ሞተር በላይ እንዳይገዛ ቢደረግ ደግሞ ነጋዴ ጠቅልሎ ወስዶ ለቆራሌው እንዳያስተላልፈው ይረዳል፤ ግቢው ውስጥ ሁለት ቁልፍና አንድ መፍቻ ያለው ወጣትም ዕድል ያገኛል።

ደብረ ታቦር በብረት ሥራ የምትኮራ ከተማ ናት። አጠገቧ ባለው ጋፋት የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎች፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆነው በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው አፍስሰዋል። ስለዚያ መድፍ በየትምህርት ቤቱ እናስተምራለን፤ ተገቢም ነው። የተሠራን ነገር ጠብቆ፣ አድሶ፣ ዕድሜ ጨምሮ ስለሚያቆይ እጅ ግን የምንለው የለንም። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ በዘመናዊ ሞተር ላይ እንዲመረቅ ይፈልጋሉ፤ አንድ የተጣለ ኤጂ 100 ለተማሪዎች ፈትተው እንዲገጥሙት ቢሰጣቸው ግን የአየርን፣ የቤንዚንን፣ የእሳትንና የዘይትን ሥራ በአንድ ወር ውስጥ በእጃቸው ዳስሰው ያውቁታል። ከማስወገጃው ዝርዝር ጥቂቶቹን ለዚህ ማስቀረት ለዞኑ ምንም አያከብደውም።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ቆጠራ አለ። በቆጠራው ቅጽ ላይ ሞተር ብስክሌት “ያገለገለ” ወይም “የማይሠራ” ተብሎ ያልፋል። እዚያው ላይ ሦስት ነገር ይጨመርበት፤ የቆመበት ቀን፣ የጎደለው ዕቃ በስም፣ በእግር ሲመታ ደግሞ ክራንኩ መዞር አለመዞሩ። ሦስተኛውን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ቆጣሪው እግሩን አንሥቶ አንዴ ቢረግጠው ይበቃል። የሚዞረው በመስከረም ጨረታ ይውጣ።