«በድንገት» የተሣለች ሴት

የድሮ የአሜሪካ ቀን መቁጠሪያ አፍቃሪዎች አንድ የተለመደ ሙግት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በየጋራዡና በየወታደር ሰፈሩ ግድግዳ በስፒል ይሰኩ የነበሩት የ«ፒን-አፕ» ሥዕሎች፣ ከዛሬው እርቃን ፎቶግራፍ ጋር ሲነጻጸሩ፣ የዋህ የሴትነት ውዳሴ ናቸው ይላሉ። ሙግቱ ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም።

ምስክሩ የሥዕሎቹ አሠራር ነው። የብራውን ኤንድ ቢግሎው ኩባንያ ዝነኛ ሠዓሊ ጊል ኤልቭግሬን አስቀድሞ ሞዴሏን በስቱዲዮ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ከዚያም በሸራው ላይ ወገቧን ያቀጥናል፣ እግሯን ያረዝማል። በመጨረሻ የምትታየው ግን ነፋስ ቀሚሷን የገለበባት ወይም የውሻዋ ገመድ እግሯ ላይ የተጠመጠመባት፣ በድንጋጤ አፏን የከፈተች ሴት ናት። ሁሉም ታቅዶ ሳለ ሁሉም «በድንገት» የሆነ ይመስላል።

ነውሩ ብልሃቱ አይደለም። የተኳለችና ሹሩባ የተሠራች ሴት ማንንም አልዋሸችም፤ ያጌጠችው አውቃና ፈቅዳ ነውና። የእነዚህ ሥዕሎች ውሸት ይህንኑ ዕውቀትና ፈቃድ ከሴቲቱ መንጠቃቸው ነው። እርሷ እንዳላወቀች ሆና ስትሣል፣ ተመልካቹ ያለ ኀፍረት ያያል። «የዋህነት» የተባለውም የእርሷ ጠባይ ሳይሆን የእርሱ ምቾት ነው።

ለዚያው ኩባንያ የሠራችው ዞይ ሞዘርት ብዙ ጊዜ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ሞዴል ታደርግ ነበር። ሠዓሊዋም ተሣዪዋም አንዲት ሴት ነበረች። ይህ ሴትነት በዓይንና በእጅ የሚከወን ሙያ መሆኑን ያሳያል፤ በቀን መቁጠሪያው ገጽ ላይ ግን መስታወቱ አይታይም።

«ሞዴሎቹ ተከፍሏቸዋል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ማሪሊን ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1949 በቶም ኬሊ ፊት እርቃኗን ተነሥታ 50 ዶላር ተቀብላለች። ፎቶግራፉ ቀን መቁጠሪያ ሆኖ ተቸበቸበ፤ በ1953 ደግሞ የፕሌይቦይን የመጀመሪያ እትም አሻሻጠ። ትርፉን የበሉት ሌሎች ናቸው። ደግሞስ ክፍያው የሚያረጋግጠው ሥራ መሆኑን አይደለምን? ሥራ ከሆነ ድንገተኛ አይደለም።

ስለዚህ ሥዕሎቹ ይሰብሰቡ፣ በዐውደ ርእይም ይሰቀሉ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን የስቱዲዮው ፎቶግራፍ አብሮ ይሰቀል። ያን ጊዜ ተመልካቹ የደነገጠች ልጃገረድ ሳትሆን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ትገጥመዋለች። ውዳሴ የሚገባትም እርሷ ናት።