በእርቅ የሚዘጋ መዝገብ

ለደቡብ ጎንደር ዞን ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ
ደብረ ታቦር

ጉዳዩ፦ በሽምግልና ስለሚቋረጡ የአስገድዶ መድፈር፣ የጠለፋና ያለዕድሜ ጋብቻ ክሶች

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች ነፋስ መውጫን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት የሆነውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። 16 ሴቶች የደረሰባቸውን ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናግረዋል፤ 14ቱ በቡድን የተደፈሩ ናቸው። ተደፈርን ብለው ያመለከቱት ሴቶች ከ70 እንደሚበልጡ የመንግሥት ኃላፊዎች ገልጸው ነበር። ሆስፒታሉም ተዘርፎ ስለነበር ብዙዎቹ በጊዜው መታከም አልቻሉም። ያን ጊዜ ነገሩ በእርቅ ይለቅ የሚል ሽማግሌ አልተነሣም። ደፋሪው ጠላት ነበርና።

ደፋሪው የጎረቤት ልጅ ሲሆን ወጉ ይለወጣል። ፋርጣም ይሁን ስማዳ፣ እስቴም ይሁን እብናት፣ ሽማግሌ ጋቢውን ደርቦ ከልጅቱ አባት ደጅ ይቆማል። ካሣ ይቆረጣል፤ አለዚያም «ያው ያገባታል» ይባላል። ምስክር ቃሉን ያጥፋል። አንዳንዴም ክሱን መከታተል የነበረበት የቀበሌ ሹም እዚያው ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጦ ይገኛል። ሽምግልናን እየነቀፍኩ አይደለም፤ በዚህ አገር ስንት ደም ያደረቀ ሥርዓት ነው። እርቅ ግን ለተጣሉ ሰዎች ነው፤ ልጅቱ ከማንም ጋር አልተጣላችም።

ሕጉ ይህን በር ከዘጋው ቆይቷል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ፈቅዳ ካገባችው ከክስ ይድን ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ፣ ጋብቻ መከተሉ ከተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ጽፏል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995ም የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። የቀረው ሕጉን የሚይዘው ሰው ነው።

ያለዕድሜ ጋብቻ ላይማ ዘዴያችን ብዙ ነው። ሰርግ ሲከለከል ድግሱ ተዝካር ነው፣ ማኅበር ነው ይባላል። ታላቂቱ ስትዳር ታናሺቱም በዚያው ጠላ፣ በዚያው ዳስ አብራ ትዳራለች፤ ወጪው አንድ ነው። ከዚህ በፊት ቀድሞ የሚነቃው መምህሩ ነበር፤ ልጅቱ ለጓደኛዋ ሹክ ትላለች፣ ጓደኛዋ ለመምህሯ ትነግራለች፣ ወሬው ወረዳ ይደርሳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይህ መንገድም አብሮ ተዘጋ።

ታዲያ ማን ቀረ? የጽዋ ማኅበሩ፣ እድሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ቡና የሚጠራሩት ጎረቤታሞች። ዳስ ሳይጣል ጌሾው ሲወቀጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሴት ሁሉ ግን በራሷ ጊዜ ከተበዳይዋ ጎን ትቆማለች ብላችሁ አትዘናጉ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን የሚመታበት ተገቢ ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ነበሩ። የወንዶቹን መልስ በሙሉ ልቤ አላምነውም፤ የሴቶቹ ግን ያስደነግጣል። ሥራው የሚጀምረውም ከዚያው ቡና ላይ ነው።

ሞዴል ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ከወረታ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ የእስቴው ተወላጅ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት አውራ አምባ አለ። እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል፤ ጠብ ሲነሣ ሴቶችም ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናስጎበኘዋለን፤ ከዚያ ወደየወረዳችን ተመልሰን ሽማግሌ ስንመርጥ ግን አንዲት ሴት አናስገባም። በእምነት ጉዳይ ከእነሱ ጋር የማይስማማ ብዙ ነው፤ እኔም ሁሉ እንደ አውራ አምባ ይሁን አላልኩም። የነገር መስሚያ ሥርዓታቸውን ግን መዋስ ይቻላል። በባሕር ዳር አቅራቢያ በሞሰቦ ከ1996 ጀምሮ የተሞከረው የብርሃነ ሔዋን ፕሮግራምም ልጃገረዶችን በቡድን አሰባስቦ፣ ቤተሰብን አወያይቶ፣ ሳይድር ለጠበቀ ወላጅ ፍየል ሸልሞ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ጋብቻ እጅግ ቀንሶት ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ከዞኑ ፖሊስና ፍትሕ መምሪያ ጋር ሆናችሁ፣ በመድፈርና በጠለፋ ጉዳይ ሽምግልና የተቀመጠ የቀበሌ ሹም እንደሚጠየቅ በጽሑፍ አሳውቁ። ከሀገረ ስብከቱ ጋር ተነጋግራችሁ የንስሐ አባቶች ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ድግስ እንዳይባርኩ አድርጉ፤ ገበሬው ከእናንተ ደብዳቤ ይልቅ የእነሱን ቃል ይሰማል። ለተደፈረች ሴት ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ከጋይንት ደብረ ታቦር መድረስ ስለማይቻል በየጤና ጣቢያው ይኑር።

የሰርጉ ወር ጥር ሳይገባ ደግሞ በየወረዳው ስንት የመድፈር፣ የጠለፋና ያለዕድሜ ጋብቻ መዝገብ እንደተከፈተ፣ ስንቱ ፍርድ እንዳገኘ፣ ስንቱ ምስክር ጠፋ ተብሎ እንደተዘጋ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ አስነግሩልን። የሴቶቹ ስም አይነሣ። የተዘጉት መዝገቦች ብዛትና የወረዳዎቹ ስም ይበቃናል።